«ልጅ በክረምት ብዙ አይርበውም»

ረቡዕ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ካርድ ተሰጠ። አንዳንዱ ወላጅ መረቀን፣ አንዳንዱ ረገመን። የተማሪዎች ምገባ ትልልቅ ድስቶች ታጥበው ግምጃ ቤት ገቡ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ርዕሰ መምህሩ ለሥልጠና ስለሄዱ ክረምቱን ግቢውን የምጠብቀው እኔ፣ ምክትሉ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የራዲዮ ጋዜጠኛ መጣች። ከተማው ውስጥ ክርክር ተነሥቷል አለች። በትምህርት ጊዜ ምሳ የምናበላቸው የድሃ ልጆች በክረምትም ይብሉ የሚል አለ፤ አይብሉ የሚል አለ። አንተስ ምን ታስባለህ አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ምን እንደማስብ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ረዘም አድርጌ ነገርኳት። በደንብ የተናገርኩ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ተላለፈ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከተናገርኩት ይቺን ብቻ ነው ያወጧት፦ «ልጅ በክረምት ብዙ አይርበውም። ትምህርት ስለሌለ አእምሮው አይሠራም፤ የማይሠራ አእምሮ ደግሞ ምግብ አይፈጅም።»

ብያለሁ። አልክድም። ግን ከዚያ በፊት ስለ አገር ኢኮኖሚ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ወላጅ ኃላፊነት ተናግሬ ነበር። መሐሉን ቆርጠው አወጡት።

ሰገነት ራዲዮኑን ዘጋችና አተኩራ አየችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚህ ያየችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ለገሠ» አለች። «እናትህ ይህን ስም ሲያወጡልህ ምን ተስፋ አድርገው ነበር?»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

የባጃጁ ልጅ «መምህር፣ በክረምት ነዳጅም ብዙ አይፈጅም እንዴ?» አለኝ።

ሸዋ በር ጋ ዐብዱልጀሊል የምስር ሳንቡሳ ይጠብሳል። አሥር ዓመት ደንበኛው ነኝ። ሁለት ስጠኝ አልኩት። «ትምህርት ተዘግቷል መምህር» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር።

ይህ ሕዝብ ሐሳብ ማክበር አልተማረም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል። ለምሳ ቤት ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ብቻ።

«ምሳስ?»

«ክረምት ነው» አለች ሰገነት። «አታስተምርም። የማይሠራ አእምሮ ደግሞ…»

ሰገነት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሕፃናት ትመዝናለች። ካርዶቿን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። «ሰሞኑን የመዘንኳቸው ልጆች ሰኔ ላይ ከመዘንኳቸው ያንሳሉ። እነዚያው ልጆች ናቸው። ልጅ ወደ ኋላ ያድጋል እንዴ?»

ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳት። ይህን ባልል ጥሩ ነበር።

ሐምሌ 24 በከተማው አዳራሽ ሕዝባዊ ውይይት ይደረጋል ተብሏል። ስለዚህ ወሰንኩ። እስከዚያ ቀን ምሳ ሳልበላ ከርሜ፣ በገዛ ሰውነቴ አረጋግጬ፣ ተነሥቼ እናገራለሁ። ሰገነት አልተከራከረችም። ከመሥሪያ ቤቷ የተዋሰችውን ሚዛን አምጥታ አቆመችኝ። ሰባ አንድ ኪሎ። ሚዛኑ አልተበላሸም አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሦስተኛ ቀን። ምንም የለም። ትንሽ ራስ ምታት፣ ከአየሩ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ አማል የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ታናናሾቿን በግራና በቀኝ ይዛ ከጀጎል ድረስ በእግሯ መጣች። «ጋሼ፣ ትምህርት ተከፈተ?» አለችኝ። የትምህርት ዘመን አቆጣጠርን በዝርዝር አስረዳኋት። አመስግና ሄደች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አማል መጣች። ስድስት ሰዓት። አልተከፈተም አልኳት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

መጣች። ይቺ ልጅ የቀን አቆጣጠር ላይ ደካማ ናት። ለክፍል ኃላፊዋ መንገር አለብኝ። ጎበዝ ልጅ ትመስለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ወይዘሮ ዘቢባ መጡ። የምገባው ዋና ምግብ አብሳይ ናቸው፤ የጀጎል ሰው፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ ሰው የሚያስቀምጡ። ሰፈራቸው ሩዝ፣ ምስርና ዘይት አዋጥቷል። ትልልቆቹን ድስቶችና ማዕድ ቤቱን ክፈቱልን፣ ጉልበቱ የእኛ ነው አሉኝ።

«ደብዳቤ ያስፈልጋል» አልኩ።

«ከማን?»

«ከሚመለከተው አካል።»

«የሚመለከተው አካል ሆድ ነው መምህር። እሱ ደግሞ መጻፍ አይችልም።»

ሥርዓት መሆኑን አስረዳኋቸው። ከወንበሩ ሳይነሡ ሰሙኝ። ከዚያ «በዚህ ከተማ ጅብ እንኳ በስሙ ተጠርቶ ይበላል» አሉ። «ክረምት ነው ተብሎ ሳይበላ የተመለሰ ጅብ፣ ወላሂ፣ በስድሳ ዓመቴ አላየሁም።»

«ጅቡ የቱሪዝም ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ያን ጊዜ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ በር ላይ ለጥበቃው «ስማቸው ለገሠ፣ እጃቸው ነፈገ» ሲሉ ሰማሁ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ግን እንድሰማ ነው ያሉት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ደብዳቤው መጣ። ማዕድ ቤቱ ለሁለት ቀን እንዲከፈት ይፈቅዳል። ድስቶቹ ግን በሌላ ክፍል ስም የተመዘገቡ ስለሆኑ አይመለከተንም ይላል። ወይዘሮ ዘቢባ «ታዲያ ሩዙን ግድግዳው ላይ ላብስለው?» አሉ። ሌላ ደብዳቤ ያምጡ አልኳቸው።

አማል መጣች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

የድስቶቹ ደብዳቤ መጣ። ድስቶቹን ይፈቅዳል፤ ከማዕድ ቤቱ እንዳይወጡ ግን ያዝዛል። ማዕድ ቤቱን የፈቀደው ደብዳቤ ትናንት አልፎበታል። ወይዘሮ ዘቢባ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርገው አዩአቸውና «ያ አላህ» ብቻ ብለው ወጡ።

እኔ ምን ላድርግ? እኔ አልጻፍኩት።

ሰገነት መዘነችኝ። ስድሳ ስምንት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ሰገነት ቁልቢ ገብርኤል ሄዳለች። ብቻዬን ነኝ። ለእራት የተወችልኝ ወጥ ምድጃው ላይ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ማየት መብላት አይደለም።

ሰባት ሰዓት። ጨው በዝቶበት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። አልበዛበትም።

ሰባት ሰዓት ከሩብ። በአንድ ማንኪያ ጨው አይታወቅም።

ስምንት ሰዓት። ሰገነት ስትመጣ ድመት ገብታ ነበር እላታለሁ። ድመቷ በዳቦ ጠርጋው ሄደች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ረጅም ቀን ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

ወይዘሮ ዘቢባ ከአጥሩ ውጭ ሸራ ወጥረው፣ ከየቤቱ በተዋሱት ትንንሽ ድስት ማብሰል ጀመሩ። በዝናብ! ሽታው ቢሮዬ ገባ፤ ምስር፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት። መስኮቱን ዘጋሁ። ቢሮው ታፈነ። ለአየር ብዬ ከፈትኩት። ከዚያ እንደገና ዘጋሁት። ጥበቃው «ጋሼ፣ መስኮቱ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ መጣ።

ወደ ስድሳ የሚሆኑ ልጆች ተሰለፉ። ድስቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ምግቡ ሠላሳኛው ልጅ ላይ አለቀ። የቀሩት ትንሽ ቆመው ሲጠብቁ ቆዩና አንድ በአንድ ሄዱ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። መጮኽ ይሻል ነበር።

አማል አልሄደችም። ታናናሾቿን ይዛ በዝናቡ ሮጣ ወደ ግቢው ገባች። ተከተልኳት። የመመገቢያው ዳስ ውስጥ፣ ባዶው አግዳሚ ላይ ታናናሾቿን አጋድማ ዓይናቸውን በመዳፏ ጋርዳላቸዋለች። ገና ሰባት ሰዓት ማለፉ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስተኛኋቸው ነው ጋሼ። ሲተኙ አይጠይቁም።»

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ መዝገብ ከፈትኩ። መዝገቡን ገልብጬ እንደያዝኩት ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ ክረምት ክረምት ቀን ታስተኛን ነበር። አምስት ነበርን። መስኮቱን በነጠላዋ ትጋርድና «የቀን እንቅልፍ ቁመት ያስረዝማል» ትለን ነበር። እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ሃያ ስድስት ዓመት ስመክር ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ በሰልፍ ላይ ሁሉ ተናግሬዋለሁ።

ማምሻውን ለታላቅ እኅቴ ለነፃነት ደወልኩላት። «የእማዬ የቀን እንቅልፍ ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«አንተ እስከ ዛሬ ስለ ቁመት ይመስልህ ነበር?» አለችኝ።

ከአምስታችን አንድም ረጅም የለም። ነገሩን በደንብ ሳስበው ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

አቋሜ ግን አልተለወጠም። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24፣ ጠዋት

ዛሬ ነው። ንግግሬ ስድስት ገጽ። ስድሳ ስድስት ኪሎ። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ሱሪው ሲጠብቅ እንደ መጋረጃ ይሰበሰባል። ሰገነት ሳመችኝ። ለምን እንደሳመችኝ አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ማታ

በሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው በአራት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። ስብሰባውን የሚመሩት ከላይ የመጡት ተቆጣጣሪ፣ አቶ ዓለሙ ናቸው። ግማሽ ሰዓት መግቢያ አደረጉ። ከዚያ የመግቢያውን ማጠቃለያ አደረጉ።

አንድ ባለ ከረቫት ሰውዬ «በዕረፍት ካበላናቸው መመገብ ይለምዳሉ» አለ። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ተነሣች። «ልጄ መብላት የለመደው ሲወለድ ነው» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥብቼዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘቢባ ሁለቱን ደብዳቤዎች አንብቡልኝ ብለው ጠየቁ። ተነበቡ። ሕዝቡ ሳቀ። አቶ ዓለሙ ሁለቱም ደብዳቤዎች በየራሳቸው ትክክል ናቸው አሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አቶ ዓለሙ ሰዓታቸውን አዩ። «በምሳው ጉዳይ የጀመርነውን ውይይት» አሉ፣ «ከምሳ በኋላ እንቀጥላለን።»

ሰው ተነሣ። ወንበር ተንጫጫ። እኔ ገና ንግግሬን አላደረግሁም! አሥራ ስምንት ቀን!

«ማንም አይወጣም!» አልኩ።

ድምፄ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሉም ባለበት ቆመ። «ምን ምሳ?» አልኩ። «ክረምት ነው! ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፣ ማን ሠራ? የተቀመጠ ሰው ምሳ ምን ያደርግለታል? እኔ አሥራ ስምንት ቀን ምሳ ሳልበላ ሞክሬዋለሁ!»

እስከዚህ ድረስ እንዳሰብኩት ነበር። በቀጥታ ወደ ገጽ ሁለት ልሄድ ነበር። ከኋላ ግን አንድ ሰው፣ ድምፁ የዐብዱልጀሊል ይመስለኛል፣ «ታዲያ መምህር፣ ይቻላል?» ብሎ ጮኸ።

«ይቻላል» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አይቻልም» አልኩ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ሌላውም ተከተለው። ከስድስት ሰዓት በኋላ የማነበው መስመር እንደሚደባለቅብኝ ነገርኳቸው። ጥበቃውን ያለ ጥፋቱ እንደተቆጣሁት ነገርኳቸው። ድመቷንም ነገርኳቸው። «እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቁርስና እራት እበላለሁ» አልኩ። «የስምንት ዓመት ልጅ ታናናሾቿ ምሳ እንዳይጠይቋት በቀን ስታስተኛ ግን አይቻለሁ።»

ከዚያ ገጽ ሁለትን ፈልጌ አጣሁት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወይዘሮ ዘቢባ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ። የተጨበጨበልኝ በስሕተት ነው፤ ንግግሬ ገና አልተጀመረም ነበር። ላርመው ፈልጌ ነበር፤ ጭብጨባው ረዘመና ተውኩት።

ውሳኔ፦ ጉዳዩ ይጠና፣ ጥናቱም እስከ ጥቅምት ይቅረብ። ጥቅምት ላይ ክረምት እንደሌለ ተናገርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ። ከምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ። ጉዳዩ፦ የድስት ፍተሻ። «የምገባ ድስቶች ለመጪው ዓመት ብቁ መሆናቸው፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በተግባር እንዲፈተሽ» ይላል። ማኅተም መታሁበት። ደርሶኛል ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ።

ወይዘሮ ዘቢባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በሕይወቴ በዕለቱ መልስ ያገኘ ደብዳቤ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

አማል ስድስት ሰዓት ላይ መጣች። ትምህርት ተከፈተ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ጭሱን ከሩቅ አይታው ነው መሰለኝ፣ ትንሹን ልጅ በጀርባዋ አዝላ እየሮጠች ነው የደረሰችው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ፍልሰታ ነው። ወይዘሮ ዘቢባ «የእናንተም ልጆች ይብሉ» ብለው ድስቱ ውስጥ ቅቤ የሚባል አላስገባም ብለዋል። መቶ አርባ ልጅ። ሰሐን የሚያጥቡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ሰሐን ሰባሪውም አንድ ነው፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልናገርም።

አቶ ዓለሙ ሳይነገረን መጡ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«የድስት ፍተሻ ነው።» ደብዳቤዬን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጆቹስ?»

«ድስት ባዶውን አይፈተሽም ጌታዬ። ሞልቶ መጉደል አለበት።»

«በሁለት ሳምንት ያልተፈተሸ ድስት ምን ዓይነት ድስት ነው?»

«አሮጌ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘቢባ፣ ሰሐን እያቀረቡላቸው። አቶ ዓለሙ ጾመኛ ነኝ አሉ። ቅቤ የለበትም ተባሉ። ሰዓታቸውን አዩ። ተቀመጡ። ሰሐኑን ጠርገው በሉ፤ ጭማሪም ሲመጣ «በቃኝ» ያሉት ከተጨመረላቸው በኋላ ነው። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና እዚያው ጠረጴዛ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩም። «ምስሩ ግን ጥሩ ነው» አሉ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ዝውውር። «ለተሻለ አገልግሎት» ይላል፤ ሶፊ ወረዳ፣ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ከመስከረም ጀምሮ። ቅጣት የሚል ቃል የለበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ይህን ማንበብ አያቅተኝም።

ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ለሰገነት ሰጠኋት። አንብባ መልሳ አጠፈችውና ከቦርሳዋ የራሷን ወረቀት አወጣች። የእኛ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ የሐምሌ መጀመሪያና የዚህ ሳምንት ክብደታቸው በሁለት ዓምድ። አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየች አነበበችልኝ። አማል ጋ ስትደርስ «ኪሎ ከግማሽ ጨምራለች» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል።

ለሚተካኝ ሰው ንብረት አስረከብኩ። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ነበር። ሸዋ በር ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄጄ ነበርና፣ በስሕተት ሁለት ሆኗል። አንዱ በስሕተት ወይዘሮ ዘቢባ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

ሰኞ፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሶፊ። የመጀመሪያ ቀን። ግቢው ጫትና ማሽላ መሐል ነው፤ አየሩ ደስ ይላል። ስድስት ክፍል፣ አንድ ሰፊ ዛፍ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ማዕድ ቤት የለም። ርዕሰ መምህሩ ዐብዱልባሲጥ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ስለ እኔ በራዲዮ ሰምቷል። የቱን እንደሰማ አልጠየቅሁትም።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ስገባ ግማሹ የለም።

«የት ሄዱ?» አልኩት ዐብዱልባሲጥን።

«ለምሳ ወደ ቤታቸው።»

«በልተው ለምን አይመለሱም?»

«በልተዋል ብሎ ማን ነገረዎት?»

ከክፍል በኋላ ዛፉ ሥር ብቻዬን ቆምኩ። መሬቱ ደልዳላ ነው፤ ነፋስ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን ያስተዋልኩት እንዲያው ነው። ከዚያ ወይዘሮ ዘቢባ ጋ ደወልኩ። ቦታው ሩቅ እንደሆነ፣ መንገዱ ሲዘንብ እንደሚጨቀይ፣ ማገዶም ውሃም ከየት እንደሚመጣ እንደማላውቅ፣ ማንም እንዳልፈቀደልን፣ ጥያቄም እንዳላቀረብኩላቸው በዝርዝር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ድስቱን ማን ይሸከማል?» አሉኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስንት ድስት እንደሚጫን ልጠይቅ ወደ መንገዱ ወጣሁ።